የተከዜ ሐይቅ ወደብ እንዴት ይሠራ?

ወደብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ምጽዋ ወይም አሰብ ነው። ዳሩ ግን ጀልባ ከነፋስ ተጠልሎ ጭነቱን የሚያወርድበት ዳርቻ ሁሉ ወደብ ነው።

188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ከሰቆጣ ቁልቁል፣ በዝቋላና በአበርገሌ ቆላ፣ ዓሣ የሚሰገርበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተኛ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? በክረምት ውኃው ይሞላል፤ በበጋ ለኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ዳርቻው ይሸሻል። ስለዚህ በአንድ ቦታ የተገነባ የድንጋይ መድረክ ወይ ይሰጥማል፣ ወይ ደረቅ ላይ ይቀራል። አስጋሪውም ዓሣውን ተሸክሞ ጭቃ ሲያቋርጥ፣ በቆላው ሙቀት ዓሣው ይበላሽበታል።

መፍትሔው ለስላሳ ተዳፋት መርጦ እስከ በጋው ውኃ ድረስ ድንጋይ ማንጠፍ፣ ወይም ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክ ማሰር ነው።

እጩ መምህራን፣ ስለ ወደብ ስናስተምር ከተከዜ ብንጀምርስ?