የጋቢና ላሜራ ለምትቀይሩ፦ ከዝገቱ በላይ የሚጎዳችሁ ምንድን ነው?

የዛሬው ትምህርት ለባትላሜራ ሠራተኞች፣ ለበያጆች፣ ለሹፌሮችና ለረዳቶች ነው።

በሮብ ገበያ፣ በቢቸናና በሞጣ መስመር እህል የሚጭኑ የድሮ መኪኖች ክረምቱን በጭቃ ሲመላለሱ ይከርማሉ። ጋቢናው ከሥር በዝገት ይበላል፤ ምንጣፉ ሲነሳ መሬት የሚታይበትም አለ። ከዚያ የበሰበሰው ላሜራ በግራይንደር ይቆረጣል፣ አዲሱ ተለክቶ ይበየዳል፣ ስቱኮና ቀለም ይከተላል። ጤናን የሚነኩት ነገሮች እዚሁ ሥራ ውስጥ ናቸው።

1. ዝገት የወጋው ሰው መንጋጋ ቆልፍ ይይዘዋል?

ዝገቱ ራሱ በሽታ አያመጣም። መንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስን) የሚያመጣው በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ከብት በሚነዳበት መንገድ የሚሄድ መኪና ሥር የተጋገረው ጭቃ ደግሞ ምን እንዳለበት አስቡት። ስለዚህ የሚያብለጨልጭ አዲስ ላሜራ ቢቆርጣችሁም አትናቁት።

እዚህ ላይ ወንዶች ልብ በሉ። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን፣ የቴታነስ ክትባት ከሕፃናት ቀጥሎ ያተኮረው በመውለድ ዕድሜ ላይ ባሉ ሴቶች ነው። በልጅነቱ ያልተከተበ ወንድ ሳይከተብ ሊያረጅ ይችላል ማለት ነው።

ከተቆረጣችሁ፦
- ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና በደንብ እጠቡ።
- ግሪስ፣ ናፍታ ወይም የቡና ዱቄት አታድርጉበት።
- በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ያልተከተበ ሰው 3 ጊዜ መከተብ አለበት፤ አንዱን ወስዶ መቅረት አይበቃም። ቁስሉ ጥልቅና ቆሻሻ ከሆነ መርዙን የሚያመክን ሌላ መርፌም ሊያስፈልግ ይችላል።
- በቀጣዮቹ ሳምንታት አፍ መክፈት ካቃተ ወይም አንገት ከገተረ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል!

2. ወባ የሚመስለው የብየዳ ትኩሳት

አንዳንዴ ለመጣፊያ የሚውለው የቤት ክዳን ቆርቆሮ ነው። ይህ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ወደ ሳንባ ይገባና ከ4 እስከ 10 ሰዓት ቆይቶ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማት፣ ሳልና አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ያመጣል። ሠራተኛው ቀን ደህና ውሎ ማታ ይንቀጠቀጣል፤ "ወባ ነው" ብሎ መድኃኒት ይገዛል። አብዛኛውን ጊዜ በ1 ወይም በ2 ቀን ራሱ ስለሚለቅ መድኃኒቱ ያዳነው ይመስላል።

ምርመራውን ግን አትተዉ! እውነተኛ ወባም ሊሆን ይችላል። ተመርመሩ፣ ለባለሙያውም "ብየዳ ላይ ነበርኩ" በሉ። መተንፈስ እየከበደ ከሄደ ቀላል ነገር አይደለምና ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ።

"ወተት ከጠጣሁስ?" ወተት ምግብ ነው፤ ሆድ እንጂ ሳንባ ውስጥ አይገባም። የጨርቅ ማስክም ይህን ጭስ አያስቀርም። የሚጠቅመው የሚበየደውን ጠርዝ ከዚንኩ ማጽዳት፣ የጋቢናውን በሮች ከፍቶ ነፋስ ባለበት መሥራትና ፊትን ከጭሱ ማራቅ ነው።

3. ዓይን

ከግራይንደር የፈነጠረ ብረት ዓይን ላይ ከተቀመጠ እዚያው ይዝጋል፤ በአንድ ቀን ውስጥ የዝገት ቀለበት ሊተው ይችላል። አትሹት፣ በመርፌ ወይም በክብሪት እንጨት አታውጡት። የብየዳ ብርሃን የመታው ዓይን ደግሞ ሌሊት አሸዋ የተበተነበት ያህል ያቃጥላል። የእናት ጡት ወተት አታንጠባጥቡበት፣ የሚያደነዝዝ ጠብታም ገዝታችሁ አትጠቀሙ። ለብየዳ የብየዳ መስታወት፣ ለመቁረጥ ደግሞ ጎን የተሸፈነ መነጽር አድርጉ። ረዳቱም ጭምር!

4. የድሮው ቀለም

አሮጌ ቀለም እርሳስ (ሊድ) ሊኖረው ይችላል። ሲፋቅ አቧራው ልብስ ላይ ተቀምጦ ቤት ይገባል፤ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። የሥራ ልብሳችሁን ጋራዥ ቀይሩ፣ ለብቻው ይታጠብ፤ ልጅ ከማቀፍና ምግብ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና።

ለማጠቃለል፦ መኪናው አዲስ ላሜራ ያገኛል፤ ለሳንባና ለዓይን ግን መቀየሪያ የለም። ባትላሜራ ለሚሠራ ወዳጅዎ ሼር ያድርጉለት። "የመጨረሻውን የቴታነስ ክትባት መቼ ወሰድክ?" ብለውም ይጠይቁት።

ጤና ይብዛላችሁ!