በጥጥ እርሻ ላይ ነጭ ዝንብን ለመከላከል የሚውሉ መድኃኒቶች ንጽጽር

በድርቅ የተፈናቀለ ወገን በመስኖ እርሻ ተቋቁሞ ጥጥ ሲያመርት ከውኃ ቀጥሎ የሚያሳስበው የተባይ ጉዳይ ነው። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራና በመልካ ወረር አካባቢ ጥጥን ከሚያጠቁት ተባዮች አንዱ ነጭ ዝንብ ነው።

ነጭ ዝንብ በቅጠሉ ጀርባ ተጣብቆ የተክሉን ጭማቂ ይመጥጣል። ከሰውነቱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ በፈነዳው ጥጥ ላይ ሲንጠባጠብ ጥላሸት መሳይ ሻጋታ ይበቅልበታል። እንዲህ የተጣበቀ ጥጥ የመዳመጫና የመፍተያ መኪናዎችን ስለሚያውክ ዋጋው ይወድቃል፤ ጉዳቱም ከማሳው አልፎ አቃቂን ወደመሳሰሉ የፋብሪካ አካባቢዎች ይደርሳል።

መድኃኒቶቹ ሲነጻጸሩ፦

ሀ/ ዲዲቲ፦ ነጭ ዝንብን የሚያጠፉትን ጥቃቅን ተርቦችና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳት አብሮ ይፈጃል። በሱዳን የጌዚራ እርሻ ዲዲቲ በብዛት ከተረጨ በኋላ ነጭ ዝንብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዋነኛ ተባይ ሆነ፤ በ1981 ዲዲቲ በጥጥ ላይ እንዳይረጭ ተከለከለ።

ለ/ ዳይሜቶኤት፦ በተክሉ ጭማቂ ውስጥ ተሰራጭቶ መጣጭ ተባዮችን ይገድላል። ሆኖም በተደጋጋሚ ሲረጭ ተባዩ ይለምደዋል።

ሐ/ ፓይሬትሮይዶች፦ በራሪውን ዝንብ ፈጥነው ይጥላሉ፤ በቅጠል ጀርባ ያለውን እጭ ግን እምብዛም አይደርሱበትም፤ ጠቃሚ ነፍሳትንም ይጎዳሉ።

መ/ ቡፕሮፌዚንና ፓይሪፕሮክሲፌን፦ የመጀመሪያው እጩ ቆዳውን ለውጦ እንዳያድግ፣ ሁለተኛው እንቁላሉ እንዳይፈለፈልና እጩ ወደ ዝንብነት እንዳይለወጥ ያደርጋሉ። ውጤታቸው ዘግይቶ ቢታይም ጠቃሚ ነፍሳትን በአመዛኙ አይነኩም። በአሜሪካ የአሪዞና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1996 እያንዳንዳቸው በአንድ የእርሻ ወቅት ከአንድ ጊዜ በላይ እንዳይረጩ ተወስኖ ሥራ ላይ በመዋላቸው የርጭቱ ብዛት በእጅጉ ቀንሷል።

ከዚህ የምንረዳው አንድ መድኃኒት በማግሥቱ በገደለው ዝንብ ብዛት ብቻ ሊመዘን እንደማይገባው ነው። የሚመዘነው ከሳምንታት በኋላ በቅጠሉ ጀርባ በሚገኘው እጭና በተረፉት ጠቃሚ ነፍሳት ነው።

ስለሆነም በሠፈራና በመስኖ ጣቢያዎች የተመደቡ ባለሙያዎች ከርጭት በፊት ማለዳ ዝንቡ ሳይነሣ ቅጠል እየገለበጡ ይቁጠሩ፤ አንድን መድኃኒት ደጋግመው አይጠቀሙ፤ ከለቀማ በኋላም አሮጌው ግንድ በወቅቱ እንዲነቀል ያድርጉ። ከሁሉም በላይ ሠፋሪው ከመስኖ ቦይ የሚጠጣ ከሆነ ርጭቱ ከቦዩ እንዲርቅና ባዶ የመድኃኒት በርሜል የውኃ መቅጃ እንዳይሆን መቆጣጠር ግዴታቸው ነው። ምርትን ለማዳን የወጣ መድኃኒት አምራቹን መጉዳት አይገባውምና።