መለኪያው ምን ይለካል? የአረቄ ቅምሻ ዕውቀትና ወሰኑ በአነስተኛ ማውጫ ቤት

መግቢያ

በአማርኛ «መለኪያ» የሚለው ቃል ሁለት አገልግሎት አለው። በአንድ በኩል የማናቸውም መጠን መመዘኛ ሲሆን፣ በሌላ በኩል አረቄ የሚቀርብባት የትንሿ ብርጭቆ መጠሪያ ነው። ይህ የትርጉም መገጣጠም አንድ የጥናት ጥያቄ ያስነሣል፦ አረቄ አውጪዋና ደንበኛዋ ከመለኪያዋ ሲቀምሱ በእርግጥ የሚለኩት ምንድን ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በቤት ውስጥ አረቄ ማውጣት በአብዛኛው በሴቶች እጅ ያለ ሥራ ነው፤ ለብዙ ቤተሰብም የዕለት ጉርስ፣ የቤት ኪራይና የልጆች ደብተር መግዣ ነው። የምርቱን ደኅንነት የሚመሰክር ቤተ ሙከራ በአቅራቢያ ስለማይገኝ ዳኝነቱ ለምላስ ተትቷል። ምላስ ሲሳሳት ጉዳቱ በጠጪው ጤና፣ ኪሳራውም በአውጪዋ መልካም ስም ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወደ ማውጫ ቤት የሚሄድ ተመራማሪ የቅምሻን ዕውቀት ሊንቅም ሊያመልክበትም አይገባም፤ ወሰኑን ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ወሰን ማመልከት ነው።

የአወጣጡ ሂደት

በአረቄያቸው ከሚታወቁት አካባቢዎች መካከል አርሲ ነጌሌና ደብረ ብርሃን ይገኙባቸዋል። ዝርዝሩ ከቤት ቤት ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ተዘፍዝፎ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ከዚያም የእህል ቂጣና ብቅል ይጨመርበታል። በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ እርሾውም ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ድፍድፉ ሲደርስ በማሰሮ ወይም በበርሜል ተደርጎ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አፉም ይመረጋል። እንፋሎቱ በሸንበቆ ወይም በብረት ቱቦ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደተቀመጠ ተቀባይ ዕቃ ይወርዳል። የቀረው አተላ ለከብት መኖ ይውላል። አንድ ጊዜ የወጣው «ተራ»፣ ተራው እንደገና ሲወጣ ደግሞ «ዳግም» ይባላል። ዳግም አረቄ ብዙ ጊዜ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ይይዛል።

እዚህ ላይ ጎብኚው የመማሪያ መጻሕፍትን የሙቀት ቁጥሮች እንዳሉ ይዞ እንዳይሄድ ማስጠንቀቅ ያሻል። ውሃ በ100፣ ኤታኖል በ78.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚፈላው በባሕር ጠለል ግፊት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ውሃ በ91፣ ኤታኖልም በ70 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በቆላ የተጻፈ የሙቀት መመሪያ በደጋ ምድጃ ላይ ያሳስታል።

ምላስና አፍንጫ የሚለዩት

ልምድ ያላት አውጪ ከቱቦው የሚወርደውን ጠብታ እየቀመሰች መቼ ዕቃ እንደምትለውጥ ትወስናለች። ይህ ውሳኔ ጠንካራ ኬሚካዊ መሠረት አለው። መጀመሪያ በሚወርደው ክፍል ውስጥ አሴታልዲሃይድና ኤቲል አሴቴት በብዛት ይገኛሉ። ሁለቱም ስለት ያለው፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ ስላላቸው በቀላሉ ይታወቃሉ። በመጨረሻ የሚወርደው ክፍል ውሃ የበዛበት፣ አልኮሉ የሳሳ፣ ሽታውም የከበደ ነው። የድፍድፍ ማረርና የጭስ መግባትም ከአፍንጫ አያመልጡም። በመሆኑም የምላስ ምስክርነት በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ተቀባይነት ያለው መረጃ ነው፤ በጥናት ውስጥም እንደ መረጃ ሊመዘገብ ይገባል።

እሳት የሚናገረውና የማይናገረው

አረቄ በክብሪት ተለኩሶ ከነደደ «ደህና ነው» ይባላል። ፈተናው ግን ከብርታቱ ይልቅ የአየሩን ሙቀት ሊለካ ይችላል። በባሕር ጠለል ግፊት 40 በመቶ አልኮል ያለው ፈሳሽ ለመቀጣጠል የሚበቃ እንፋሎት የሚሰጠው በ26 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 50 በመቶ ያለው ደግሞ በ24 ዲግሪ አካባቢ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 2 ዲግሪ ብቻ ነው። በከፍታ ቦታ ሁለቱም ቁጥሮች ዝቅ ቢሉም ልዩነቱ ጠባብ እንደሆነ ይቀራል። ስለዚህ በማለዳ ብርድ እምቢ ያለው አረቄ በቀትር ፀሐይ ሊነድ ይችላል፤ ክብሪቱ ረዘም ላለ ጊዜ ከተያዘበትም ፈሳሹን ራሱ ያሞቀዋል። ከሁሉም በላይ ሜታኖልም ይነዳል። መንደድ የንጽሕና ማስረጃ አይደለም።

የማይቀመሰው አደጋ

በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ግምት አለ፦ ሜታኖል በ64.7 ዲግሪ ስለሚፈላ ቀድሞ ይወጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ጠብታ መድፋት በቂ ነው። ግምቱ የንጹሕ ፈሳሾችን የመፍላት ነጥብ ለድብልቅ ማዋሉ ስሕተት ነው። ውሃ፣ ኤታኖልና ሜታኖል በተቀላቀሉበት ማሰሮ ውስጥ እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ አይተንም፤ እንፋሎቱ ሁሉንም በተለያየ መጠን ይዞ ይወጣል። በቀላል ማውጫ ሜታኖሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተበትኖ ይወርዳል። የፊተኛውን መድፋት ጣዕምን ያሻሽላል፤ ሜታኖልን ግን አያስወግድም።

ታዲያ ብዙ የእህል አረቄ ጠጪዎች የማይታወሩት ለምንድን ነው? ሜታኖል በዋናነት የሚመነጨው ከፔክቲን ነው፤ ፔክቲን ደግሞ በፍራፍሬ ውስጥ በብዛት፣ በእህል ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለፍራፍሬ አረቄ በ100 ሊትር ንጹሕ አልኮል እስከ 1,000 ግራም ሜታኖል የሚፈቅደው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ መጠን 40 በመቶ አልኮል ባለው መጠጥ ሲሰላ በሊትር 4 ግራም ይሆናል። በጅምላ የሚገድሉት መመረዞች በአብዛኛው የሚመጡት ከማውጫው ማሰሮ ሳይሆን የኢንዱስትሪ ሜታኖል ወደ መጠጥ ሲቀላቀል ነው። ሜታኖል በጣዕምና በሽታ ከኤታኖል ጋር ይቀራረባል፤ በሰውነት ውስጥ ወደ ፎርሚክ አሲድ ተለውጦ የዓይን ነርቭን የሚጎዳውም ከሰዓታት በኋላ ነው። በቅምሻው ሰዓት ምላስ የሚይዘው አንዳች ምልክት የለም። ከብየዳ ወይም ከአሮጌ የብረት ዕቃ የሚገባ እርሳስም እንዲሁ ነው።

ለጎብኚ ተመራማሪ

ከላይ ከተገለጸው የሚከተሉት አሠራሮች ይመነጫሉ።

1. ናሙና ከአንድ ማውጣት መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ለየብቻ ይወሰድ፤ አውጪዋ ስለ እያንዳንዱ የሰጠችው አስተያየት በራሷ ቃላት ይመዝገብ።

2. የአልኮል መጠን በሃይድሮሜትር ሲለካ ንባቡ በሙቀት ይታረም። ማር ወይም ስኳር የገባበት አረቄ ጥግግቱ ስለሚጨምር መሣሪያው ከእውነተኛው ያነሰ አልኮል ያሳያል፤ ናሙናው በቤተ ሙከራ እንደገና መውጣት አለበት።

3. የቅምሻ ችሎታ በሦስት መለኪያ ይፈተን፦ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ ልዩ። በግምት ብቻ የመምታት ዕድሉ ከሦስት አንድ ስለሆነ፣ ከ12 ሙከራ ቢያንስ 8 ትክክል ሲሆን በ5 በመቶ የስሕተት ወሰን ችሎታው ተረጋገጠ ይባላል። ለማሽተት ናሙናውን በውሃ እስከ 20 በመቶ ማቅጠን መዓዛውን ያጎላዋል፤ የተቀመሰውም ይተፋ።

4. ሜታኖልና እርሳስ በመሣሪያ ብቻ ይመርመሩ፤ ውጤቱም አስቀድሞ ለአውጪዋ ይነገር። ስሟንና ቤቷን የሚያጋልጥ መረጃ አይታተም።

ማጠቃለያ

መለኪያዋ ብርታትን በግርድፉ፣ የአወጣጥ ጥንቃቄን በረቂቁ ትለካለች፤ መርዝን ግን አትለካም። በመሆኑም «ባህላዊ ዕውቀት ወይስ ዘመናዊ ምርመራ» የሚለው ክርክር ጥያቄውን በተሳሳተ ቦታ ያስቀምጠዋል። ሁለቱ የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። የዩኒቨርሲቲው ድርሻ በአውጪዋ ምላስ ፋንታ መፍረድ ሳይሆን፣ ምላሷ ሊደርስበት የማይችለውን በመሣሪያ መርምሮ ውጤቱን በምትረዳው ቋንቋ ደጃፏ ድረስ ማድረስ ነው።