ፈፋው በደረቀ ጊዜ
(ስለ ጭንቀትና በእግዚአብሔር ስለ መታመን)

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወርደው መንገድ አጠገብ፣ ዋዲ ቀልጥ በሚባለው ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ፣ ከገደሉ ጋር ተጣብቆ የተሠራ የቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳም ይገኛል። ገዳሙ የግሪክ ኦርቶዶክስ ነው፤ ትውፊቱም ቁራዎች ነቢዩ ኤልያስን ከመገቡበት ታሪክ ጋር ያያይዘዋል። መጽሐፈ ነገሥት ግን ስፍራውን የኮራት ፈፋ ብሎ ይጠራዋል፤ በዮርዳኖስ ትይዩ እንደ ነበረም ይናገራል።

ኤልያስ ወደ ፈፋው የሄደው እግዚአብሔር ልኮት ነው። ቁራዎቹ በጥዋትና በማታ እንጀራና ሥጋ ያመጡለት ነበር፤ ውኃም ከፈፋው ይጠጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ዝናብ ስለ ታጣ ፈፋው ደረቀ። ብዙ ጊዜ ስለ ቁራዎቹ በሰፊው ይሰበካል፤ ስለ መድረቁ ግን በጥድፊያ ይታለፋል። የታዘዘውን የፈጸመ፣ በተላከበት ስፍራ የተቀመጠ ነቢይ ውኃው በዓይኑ ፊት ዕለት ዕለት ሲጎድል አየ። እንግዲህ የኑሮ ምንጭ መድረቅ ሁልጊዜ የእምነት ጉድለት ምልክት አይደለም። ሥራው የተቋረጠበት፣ የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪታደስ ቀን የሚቈጥር፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆቹ የሚልከው ያጠረው ክርስቲያን፣ «ምን በድዬ ይሆን?» እያለ በጭንቀቱ ላይ ሌላ ጭንቀት ሊጨምር አይገባውም።

ቀጣዩ ትእዛዝ የመጣው ፈፋው ከደረቀ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ አልተነገረውም። መንገዱም ያልታሰበ ነበር። ኤልያስ የተላከው በሲዶና ወዳለችው ወደ ሰራፕታ፣ ማለትም ወደ አሳዳጁ ወደ ኤልዛቤል አባት አገር ነው። የምትመግበውም ባለጠጋ ሳትሆን፣ ለራስዋና ለልጅዋ የመጨረሻውን እንጎቻ ለመጋገር ጭራሮ የምትለቅም መበለት ነበረች። ከዚያም ቀን በኋላ ማድጋዋ ሞልቶ ተገኘ አልተባለም፤ ዱቄቱ አላለቀም፣ ዘይቱም አልጎደለም ተባለ እንጂ። ያች ሴት በየማለዳው እጅዋን ወደ ማድጋው ስትሰድ ለዚያ ቀን የሚሆነውን ታገኝ ነበር፤ ለከርሞ የሚሆን ክምችት ግን አልነበራትም። ክርስቲያን በአባታችን ሆይ ጸሎት የሚለምነውም የዕለቱን እንጀራ ነው፤ የዓመቱን አይደለም።

ይህ ሲባል እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት አይደለም። ነቢዩ ረጅም መንገድ ተጓዘ፤ መበለቲቱም እንጨት ለቀመች፣ ጋገረች። ጌታችን በተራራው ስብከት የጠቀሳቸው ወፎችም ከጎጆአቸው ወጥተው ይፈልጋሉ። ለነገ ማሰናዳትም በራሱ ጭንቀት አይደለም፤ ዮሴፍ በግብፅ የሰባት ዓመት እህል አከማችቷል። በምድረ በዳ ለማግሥቱ የተቀመጠው መና ተላ፤ በስድስተኛው ቀን ለሰንበት የተቀመጠው ሁለተኛው ጎሞር ግን አልተላም። በሁለቱም ጊዜ የተደረገው ማስቀመጥ ነው፤ የፊተኛው ከፍርሃት፣ የኋለኛው ከመታዘዝ ነበረ።

ቅዱስ ጳውሎስ በእስር ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት ጭንቀትን በምስጋና ወደሚቀርብ ልመና እንዲለውጡት ያዝዛል። ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ግን ስለ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ዕለት ዕለት የሚከብድበትን አሳብ ሲናገር፣ በግሪኩ የተጠቀመበት ቃል ከዚያው ሥር የወጣ ነው። ሐዋርያው ልቡ የደነደነ ሰው አልነበረም። ለወንድም ማሰብ ፍቅር ነው፤ ሸክሙን ወደ እግዚአብሔር ሳያደርሱ ብቻን መሸከም ግን ሌላ ነገር ነው።

ኤልያስም ቢሆን ደክሟል። ከኤልዛቤል ሸሽቶ ወደ ቤርሳቤህ መጣ፤ ከዚያም የአንድ ቀን መንገድ ወደ ምድረ በዳ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞትን ለመነ። መልአኩ «እምነትህ ወዴት ሄደ?» ብሎ አልገሠጸውም። ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ ነቢዩም በልቶ ዳግመኛ ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ አበላው። ሌሊት አረጋዊ ሲያስታምም ወይም ሕንፃ ሲያጸዳ የሚያድር ሰው ይህን ክፍል ደጋግሞ ሊያነብበው ይገባል፤ ከእንቅልፍና ከምግብ እጦት የመጣውን መንፈሳዊ ድካም ነው ብሎ ራሱን የሚወቅስ ብዙ ነውና። ጭንቀቱ ሳምንታት አልፎ እንቅልፍ የነሣውም ለንስሓ አባቱ ይንገር፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል።

በዚያ ምግብ ኃይል ኤልያስ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ወደ ኮሬብ ደረሰ። በተራራው ላይ ብቻውን እንደ ቀረ ሁለት ጊዜ አቤት አለ፤ በሁለተኛውም ጊዜ የፊተኛውን ቃል ሳይለውጥ ደገመው። እግዚአብሔርም ሰምቶ ሥራ ሰጠው፤ ለበኣል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች በእስራኤል እንዳሉም ነገረው። ኤልያስም ከተራራው ወርዶ ሄደ፤ ኤልሳዕንም በዐሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ሲያርስ አገኘው።