የተገኘች የድመት ግልገልን ለመልካም ቤት ስለ ማብቃት

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ እርሱ ፍጥረትን ሁሉ የሚመግብ፣ ለታላቁም ለታናሹም ሲሳይን የሚያድል ጌታ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ።

ከዚህ በኋላ፤ ወንድሜ ሆይ! አላህ ይዘንልህና፣ የዛሬው ትምህርት ስለ ታናሽ ፍጥረት ነው፤ ነገሩ ግን ታናሽ አይደለም። በብስራተ ገብርኤል የምትነግድ ወይም ቤተ ሰብህን ይዘህ የምትኖር ከሆንህ፣ በክረምት ማለዳ የሱቅህን መዝጊያ ስትከፍት፣ ከቦይ ዳር ወይም ከባዶ ጆንያ ሥር የድመት ግልገል ስትጮህ ሳትሰማ አትቀርም። በዚያች ሰዓት ሰዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው ሰምቶ ያልፋል። ሁለተኛው አዝኖ ያነሣታል፤ ነገር ግን በመጀመሪያ ለጠየቀው ሰው ሰጥቶ ይገላገላታል። ሦስተኛው ያነሣታል፤ መልካም ቤት እስክታገኝም ድረስ ይጠነቀቅላታል። ይህ ትምህርት የተጻፈው ሁለተኛው ሰው እንደ ሦስተኛው እንዲሆን ነው።

የነገሩ መሠረት

ቡኻሪና ሙስሊም ከዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ይዘው በዘገቡት ሐዲስ፣ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንዲት ድመት ምክንያት ስለ ተቀጣች ሴት ነግረውናል። ሴቲቱ ድመቷን ዘግታባት ነበር፤ በዘጋችባትም ጊዜ አላበላቻትም፣ አላጠጣቻትም፤ በምድር ላይ ከሚርመሰመሰው ፍጥረት አድና እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ በዚህ ሁኔታ ሞተች።

አሁን ልብ በል። በሐዲሱ የተነገረው የሴቲቱ ጥፋት ድመቷን መደብደቧ አይደለም፤ ጥፋቷ ድመቷን ይዛ መብሏን መከልከሏ ነው። ድመቷ ከመያዟ በፊት በሰፊው የአላህ ምድር ላይ ሲሳይዋን ትፈልግ ነበር፤ ከተያዘች በኋላ ግን ሲሳይዋ በሴቲቱ እጅ ገባ። እንግዲህ ግልገልን ከመንገድ ማንሣት የደግነት ፍጻሜ አይደለም፤ የአማና መጀመሪያ ነው። ግልገሊቱን አንሥቶ፣ መጋዘን ውስጥ በገመድ አስሮ፣ አይጥ እንድትይዝለት የሚረሳት ሰው፣ ከቶ ካላነሣት ሰው ይልቅ ወደዚያች ሴት የቀረበ እንዳይሆን ይፍራ።

በሌላ በኩል ደግሞ በሁለቱ ታላላቅ የሐዲስ መጻሕፍት የተዘገበውን የዚያን መንገደኛ ነገር አስታውስ። ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ አጠጣ፤ አላህም ምሕረት አደረገለት። ባልደረቦቻቸው ስለ እንስሳት ምንዳ ይገኝ እንደ ሆነ በጠየቋቸው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ያለውን ሁሉ በመርዳት ምንዳ እንዳለ አስተማሩ። አንዲት ድመት ለቅጣት፣ አንድ ውሻ ለምሕረት ምክንያት ከሆኑ፣ በደጃፍህ የምትጮኸውን ግልገል ምንኛ ልታከብዳት ይገባሃል!

ከማንሣትህ በፊት

ወንድሜ ሆይ! ደግነት ከችኮላ ጋር ሲሆን ይጎዳል። ድመት ልጆቿን ትታ ለምግብ ትሄዳለች፤ አንዳንድ ጊዜም ከቦታ ወደ ቦታ አንድ በአንድ ታጓጉዛቸዋለች። ስለዚህ ግልገሊቱ በውኃ፣ በመኪና ወይም በውሻ አደጋ ላይ ካልሆነች፣ ራቅ ብለህ ጥቂት ሰዓት ጠብቅ። አቡ ዳውድ ከኢብን መስዑድ (ረ.ዐ.) ይዘው እንደ ዘገቡት፣ ባልደረቦች የአንዲትን ወፍ ሁለት ጫጩቶች በወሰዱ ጊዜ ወፊቱ ክንፏን እየዘረጋች ስትጨነቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አይተው ልጆቿን እንዲመልሱላት አዘዙ። እናት ካለች፣ ከእናት የሚሻል ቤት የለም።

እናቲቱ ካልመጣች፣ ባለቤት እንዳላት ደግሞ ጠይቅ። ለዘበኛው፣ ለልኳንዳ ቤቱ፣ ለጎረቤት ሁሉ ንገር። የጠፋ ገንዘብ ሲገኝ እንደሚነገር፣ የጠፋች ነፍስም ይነገርላታል።

በእጅህ ሳለች

በመጀመሪያ አሙቃት፤ ከዚያ በኋላ አብላት። የበረዳት ግልገል ምግብ አይፈጭላትም። በካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፍ፤ ሞቅ ያለ ውኃ በጠርሙስ ሞልተህ በጨርቅ ጠቅልለህ አጠገቧ አኑር። የላም ወተት ብዙ ጊዜ ተቅማጥ ያመጣባታልና አትስጣት። ጡት ያልጣለች ከሆነች ለድመት ግልገል የተዘጋጀውን ወተት ከእንስሳት ሐኪም ጠይቅ። 4 ሳምንት ካለፋት ግን የለሰለሰ ሥጋ ቀስ በቀስ ትለምዳለች። 8 ሳምንት ሳይሞላት ለማንም አትስጥ።

ስለ ንጽሕና ልብህ አይጠራጠር። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) የውዱእ ውኃውን ዕቃ አዘንብሎ ድመት አጠጣ፤ የልጁ ሚስት ከብሻ በመደነቅ ስታየው፣ ድመት ነጃሳ አለመሆኗንና በቤታችን ዙሪያ ከሚመላለሱት ወገን መሆኗን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደ ተናገሩ ነገራት። ሽንቷና ዓይነ ምድሯ ግን ነጃሳ ነውና፣ አሸዋ ያለበት ሣጥን ከመስገጃው ርቆ ይቀመጥላት። ሣጥኑን ነፍሰ ጡር ሴት አታጽዳው፤ ከዓይነ ምድሯ የሚተላለፍ በሽታ ፅንስን ይጎዳልና።

ብትነክስህ ወይም ብትቧጭርህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል እጠብና ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በአዲስ አበባ ከተማ የዚህ በሽታ ወረርሽኝ በ1895 ዓ.ም. ተመዝግቦ ይገኛል፤ ዛሬም አልጠፋም። ግልገሊቱ 3 ወር ሲሞላት ክትባት ይገባታል።

ቤት ስትመርጥላት

እናንተ ነጋዴዎች ሆይ! ዱቤ ከመስጠታችሁ በፊት ስለ ሰውየው ትጠይቃላችሁ፤ ስለ ቃሉ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ ቤቱ ትመረምራላችሁ። ለአንድ ጆንያ ስኳር ይህን ያህል ከተጠነቀቃችሁ፣ ነፍስ ላለው ፍጥረት ጥንቃቄው እንዴት ያንሳል? እንግዲህ ተቀባዩን ይህን ጠይቁት።

ለምን ፈለግሃት? ለአይጥ ነው ቢልህ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን በመጋዘኑ የአይጥ መርዝ ይረጭ እንደ ሆነ እወቅ። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ራሷ ትመረዛለችና። የራባት ድመትም አይጥን ይበልጥ ትይዛለች የሚለውን አስተሳሰብ አስተወው፤ ረኃብ ያደክማታል እንጂ አያበረታትም።

የት ታድራለች? አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከድመት ግልገል ነው። የቤተ ሰቡን በጎች ሲጠብቅ ግልገሏን ሌሊት በዛፍ ላይ ያኖራት፣ ቀን ይዟት እየሄደ ያጫውታት እንደ ነበር ቲርሚዚ ዘግበዋል። በረኛ ውሻ በሚለቀቅበት ግቢ፣ ለአንተ ግልገል ያ ዛፍ የቱ ነው?

በጾም ወራት ማን ይመግባታል? ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑም ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። መልካም ቤት በክርስቲያን ጎረቤትህ ዘንድ ከተገኘ ሳታመነታ ስጠው፤ ርኅራኄ የተገኘበት ቤት ለግልገሊቱ ቤቷ ነው። ነገር ግን በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ወደዚያ ቤት አይገባም፤ በእኛም ቤት በረመዳን ቀን ቀን ምድጃው አይነድም። ድመት ጾም አልተጻፈባትም፤ ያለ ሥጋም ጤናዋ አይጸናም። ለእርሷ የሚሆነው ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። ቤተ ሰቡ ለዒድ ወይም ለገና ወደ አገር ቤት ሲሄድም ቁልፉን ብቻ ሳይሆን ድመቷንም ለማን አደራ እንደሚል ይወቅ።

ልጆች አሉህን? ካሉ፣ እንዴት እንደሚይዟት ታላላቆቹ ያስተምሩ። ጅራቷን የሚጎትት ሕፃን ክፉ አይደለም፤ ያልተማረ ነው።

ዋጋን ስለ መቀበል

ጃቢር (ረ.ዐ.) ስለ ውሻና ስለ ድመት ዋጋ በተጠየቀ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንደ ከለከሉ መለሰ፤ ይህን ሙስሊም ዘግበውታል። ከሊቃውንት ብዙዎቹ ክልከላውን ወደ ተሻለው ጠባይ የሚመራ ምክር አድርገው የድመትን ሽያጭ ፈቅደዋል፤ ሌሎች ግን በቃሉ ጸንተው ከልክለዋል። አንተ ያነሣሃት ለአላህ ብለህ ነውና፣ ከክርክሩ ራቅ፤ በነፃም ስጣት።

ምናልባት ነጋዴ እንደ መሆንህ፦ ሰው በነፃ ያገኘውን ነገር ያቃልላል፤ ዋጋ ካልከፈለ አይጠብቃትም ትል ይሆናል። እውነት አለህ። እንግዲህ በገንዘብ ፈንታ ቃል ተቀበል። እንደማያስራት፣ እንደማያስርባት፣ ባትስማማው ወደ ቦይ ሳይጥል ወደ አንተ እንደሚመልሳት ቃል ይግባ። አንተም ከሳምንት በኋላ፣ ከወርም በኋላ ሄደህ ጎብኛት። ጥየቃህ ለሰውየው አለማመን አይደለም፤ አደራው ገና እንዳልተረሳ መንገር ነው። የሚወስዳት ከጠፋም በቤትህ ትኑር፤ ይህን ካልቻልህ እስክትጠነክር መግባት፤ ከጠነከረችም በኋላ መብልና መጠለያ በምታገኝበት ግቢ ነፃ ትሁን።

ሴት ድመት ግማሽ ዓመት ሳይሞላት ልትፀንስ ትችላለች፤ እርግዝናዋም ሁለት ወር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በእንስሳት ሐኪም እጅ ማምከንን ተቀባዩ ያስብበት። የዘመናችን ሊቃውንት ብዙዎች ጉዳት ሳያደርስ ጥቅም ካለው ፈቅደውታል፤ ያለዚያ በሚመጣው ክረምት በቦዩ ዳር የሚጮኹት የእርሷ ልጆች ይሆናሉ።

አንድ ታሪክ

የግብፅ ሡልጣን አዝ-ዛሂር በይበርስ፣ በ1277 እ.ኤ.አ. የሞተው፣ በካይሮ ከመስጊዱ አጠገብ ለድመቶች ቀለብ የሚሆን የአትክልት ቦታ ወቅፍ እንዳደረገ ይተረካል። ከዘመናት በኋላ ቦታው ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ፤ ድመቶቹን የመቀለቡ ነገር ግን አልቀረም፤ በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመትም በከተማይቱ ቃዲ ላይ ነበር። ከዚህ ተማር፤ ንብረት ከእጅ ይወጣል፤ አማና ግን ወደ ሌላ ሰው ትከሻ ይሸጋገራል እንጂ አይጠፋም። አንተም ግልገሊቱን ስትሰጥ የምታስተላልፈው ድመትን ብቻ አይደለም፤ በዚያች ማለዳ በትከሻህ ላይ ያረፈውን አደራ ነው፤ ሊሸከም ለሚችል ትከሻ አስረክበው።

የዚህ ትምህርት ፍሬ

ከማንሣትህ በፊት ጠብቅ፤ ካነሣህ ጠይቅ፤ ሳትመረምር አትስጥ፤ ከሰጠህም በኋላ ጎብኝ።

አላህ ልባችንን ለደካማ ፍጥረቱ የራራ ያድርገው፤ በእጃችን ባለውም ሁሉ ታማኞች ያድርገን። አሚን።