ከክረምት መውጫ እስከ ጾመ ነቢያት፦ የጓሮአችን ሥራ

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ክረምት መስከረም 25 ቀን ይፈጸማል፤ በማግስቱም ዘመነ መጸው ይተካል። በጎንደር ከተማና አካባቢዋ፣ ከዚያም አልፎ በዳባትና በደባርቅ ደጋ፣ ዝናሙ በዚህ ወቅት እየሳሳ ይሄዳል እንጂ በአንድ ቀን አይቆምም። ምድሩ ገና እርጥብ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ አረሙም የበረታ ነው። ዓይናችን ሁሉ በማሳው ቡቃያ ላይ ስለሚያርፍ ጓሮው ይዘነጋል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት በጓሮአችን የምንሠራውም ሆነ የምንተወው ነገር የቤተሰባችንን ጤናና ማዕድ ይነካል። ስለዚህ አምስት ሥራዎችን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

አንደኛ፣ የታቆረውን ውኃ እናፍስስ። የወባ ትንኝ እንቁላሏን ፀሐይ በሚያገኘው ጥልቀት የሌለው ውኃ፣ በከብት ኮቴ ዱካ ሳይቀር ትጥላለች። እንቁላሉ ትንኝ ሆኖ ለመብረር እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ በየሳምንቱ ቦዩን ብንጠርግና ጉድባውን ብንደፍን ዕድገቷን በመካከል እንቆርጣለን። «ደገኞች ስለሆንን ወባ አያገኘንም» ማለት ግን አያዋጣም። በ1958 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመ፣ 150,000 ያህሉንም እንደገደለ ይገመታል። ጎንደር ከተማም በዚሁ ከፍታ ጠርዝ ላይ ትገኛለች።

ሁለተኛ፣ አፈሩ ሳይጠነፍፍ አንቆፍር። ዋልካ አፈር እርጥብ ሳለ ከተረገጠ ይጠቀጠቃል፤ ሲደርቅም እንደ ጡብ ጠንክሮ ሥር አያሳልፍም። መለኪያው በእጃችን ነው፦ አንድ ጭብጥ አፈር እንጨብጥ። በጣት ስንነካው ከፈረሰ ለቁፋሮ ደርሷል፤ እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ ጥቂት ቀናት እንታገሥ።

ሦስተኛ፣ መደብ እናውጣ። ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ከፍታው አንድ ስንዝር ያህል ቢሆን ከሁለቱም ወገን ሳንረግጠው መሥራት እንችላለን፤ የተክሉም ሥር ውኃ አይተኛበትም። በተዳፋት ላይ መደቡ ቁልቁል ሳይሆን አግድም ይሁን፤ አለዚያ የመጨረሻው ዝናም ለሙን አፈር ጠርጎ ይወስደዋል።

አራተኛ፣ ለአየሩ የሚስማማውን እንትከል። በደጋው ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ሊወርድ ይችላል። ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ብርዱን ይችላሉ፤ ድንችና ቲማቲም ግን በአንድ ሌሊት ውርጭ ይቃጠላሉ። ስለዚህ እነዚህን ሞቅ ባለውና ውርጭ በማይደርስበት ስፍራ ብቻ እንትከላቸው። ነጭ ሽንኩርትም ባለፈው ዓመት በነበረበት መደብ አይመለስ። ሥሩን የሚያበሰብሰው በሽታ በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ በታመመ መደብ ላይ ዳግመኛ መትከል ዘሩን ማባከን ነው።

አምስተኛ፣ አረሙን ወደ ሀብት እንለውጥ። ፍሬ ሳያፈራ የታረመውን አረም ከጭድ፣ ከእበትና ከጥቂት አመድ ጋር በየተራ ደርበን፣ እርጥበቱን ጠብቀን፣ አልፎ አልፎም እያገላበጥን ብናኖረው በጥቂት ወራት ብስባሽ ይሆናል። መጋቢት 26 ቀን ዘመነ ጸደይ ሲገባም ለአዲሱ መደብ ማዳበሪያ ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ከተተከለው ቡቃያ ሥር ደግሞ ደረቅ ሣር እንጎዝጉዝ። ዝናሙ ካቆመ በኋላ ፀሐይዋ እርጥበቱን ቶሎ እንዳትወስደው ይከላከላል፤ ውኃ ከሩቅ የሚቀዱትን እናቶችና ልጆችም ከድካም ያሳርፋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መፈጸም የማይችል ቤተሰብ በአንድ መደብ ጎመን ይጀምር። በነሐሴ የተዘራው ችግኝ በመስከረም መጨረሻ ወደ መደቡ ቢዛወር፣ ጾመ ነቢያት እስከሚገባበት እስከ ኅዳር 15 ቀን ድረስ 45 ቀናት ያህል ያገኛል። በደንብ ከተያዘ የታችኛው ቅጠሉ ለመቀንጠስ ይደርሳል፤ ጫፉን ሳንነካ ከሥር ከሥሩ እየቀነጠስን ከተጠቀምንበትም ደጋግሞ ይሰጠናል። ያን ጊዜ የጾሙ ማዕድ ከገበያ ሳይሆን ከደጃችን ይቀርባል፤ ለጎመን የሚወጣውም ገንዘብ ለልጆቻችን ደብተር ይተርፋል።