የአንቴና ገመድ ጫፍ ለመበየድ የትኛው ሶልደር፣ የትኛው እርሳስ?

በይፋት ቆላ ፊዚክስ ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰዉ የፊዚክስ መምህርን የሬዲዮም፣ የጄኔሬተርም፣ የሚኒ ሚዲያ ማይክሮፎንም ሐኪም አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ሞባይል ስልክ ባልተስፋፋበት ዘመን፣ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጀውሃ አካባቢ ሳለሁ፣ አንድ የእርዳታ ሥራ ቢሮ የመገናኛ ሬዲዮው የአንቴና ገመድ ከማያያዣው ላይ ተነቅሎበት ጠራኝ። ጊዜው ክረምት ነበር፤ ወንዝ ሲሞላ ከወዲያ ማዶ ካሉት ሠራተኞች ጋር የሚያገናኛቸው ያ ሬዲዮ ብቻ ነው።

በእጄ የነበረው ትራንዚስተር የምበይድበት ባለ 30 ዋት ሶልደር ነው። «ትንሽ ስለሆነ ገመዱን አያቃጥልም» ብዬ ጀመርኩ። እርሳሱ እንደ ውሃ ጠብታ እየተድቦለቦለ አልይዝ አለኝ። አምስት ደቂቃ ያህል ይዤ ቆየሁና በስተመጨረሻ ያዘልኝ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። በቴስተር ስለካው ግን በመሐለኛው ሽቦና በውጭው አካል መካከል ዜሮ ኦም አነበበ። ነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ለውስጥ ቀልጦ መሐለኛው ሽቦ ወደ ጎን ሸሽቶ ከመረቡ ጋር ተነካክቷል። ሌላ ገመድ ከደብረ ብርሃን እስኪመጣ ሬዲዮው ሦስት ቀን ዝም አለ።

ታዲያ ትልቁ ሶልደር ያቃጥላል፣ ትንሹ ይሻላል የሚለው እምነት ለምን ከሸፈ? ኮአክሲያል የሚባለው ገመድ መሐሉ ሽቦ፣ በሽቦው ዙሪያ ነጭ ፕላስቲክ፣ በዚያ ላይ የተጠለፈ መረብ፣ ከሁሉም ውጭ ጥቁር ልባስ ያለው ነው። ነጩ ፕላስቲክ ብዙውን ጊዜ ፖሊኢትሊን ሲሆን ወደ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። እርሳሱ ግን ቢያንስ 183 ዲግሪ ይፈልጋል። እንግዲህ እርሳሱ በሚፈስበት ሙቀት ፕላስቲኩ ይቀልጣል ማለት ነው። የሚያድነው ፍጥነት ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከውጭ ጨርሶ መነሳት።

እጩ መምህራን ሆይ፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለመገናኛ ሬዲዮ የሚያገለግለው ፒኤል 259 የሚባለው ማያያዣ ከነሐስ የተሠራ ነው፤ ክብደቱን 20 ግራም እንበል። የነሐስ የሙቀት መጠን በግራም በዲግሪ 0.38 ጁል ያህል ነው። ከቆላው 30 ዲግሪ ተነስተን 230 ለማድረስ 20 × 0.38 × 200 = 1520 ጁል ያስፈልጋል። ባለ 30 ዋት ሶልደር በሰከንድ 30 ጁል ቢሰጥ፣ ምንም ሳይባክን እንኳ 50 ሰከንድ ይፈጅበታል። ግን ይባክናል! ነፋሱ ይወስዳል፤ መዳቡ መረብም ሙቀቱን እየመጠጠ ወደ ገመዱ ያሻግራል። ለዚህ ነው አምስት ደቂቃ ይዤ የቆየሁት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ የበሰለው ፕላስቲኩ ነው።

አሁን ደግሞ ጫፉ 50 ግራም የሚመዝን ወፍራም መዳብ የሆነ፣ 100 ዋት የሚወስድ ሶልደር እንውሰድ። በ370 ዲግሪ ግሎ ወደ 230 እስኪወርድ ድረስ ጫፉ ብቻውን 50 × 0.39 × 140፣ ማለትም 2730 ጁል ያስረክባል። ሥራው ከኤሌክትሪኩ በፊት በጫፉ ውስጥ ተጠራቅሞ ይጠብቃል ማለት ነው። ስለዚህ ሶልደር ስትገዙ ዋቱን ብቻ ሳይሆን የጫፉን ውፍረት ተመልከቱ። ለማያያዣው አካል ከ80 እስከ 100 ዋትና ከዚያ በላይ፣ አፉ ሰፋ ብሎ እንደ መሮ የተሳለ ይሁን። ሹል ጫፍ ለዚህ ሥራ አይረባም። ለመሐለኛዋ ቀጭን ፒን ግን፣ ለቴሌቪዥን አንቴና መሰኪያም ሆነ ለማይክሮፎን ጃክ፣ ከ30 እስከ 40 ዋት ይበቃል፤ ሦስት አራት ሰከንድ፣ ከዚያ እጅ ማንሳት ነው።

መብራት ሲጠፋስ? ያ የቆርቆሮ ሠሪዎች በከሰል የሚግል የመዳብ ጫፍ ከላይ ባለው ሒሳብ መሠረት ፍጹም ይሠራል፤ እንዲያውም ከብዙ የኤሌክትሪክ ሶልደር ይበልጣል። ከእነሱ የማትዋሱት ነገር ቢኖር አሲዳቸውን ነው። አሲድና ንሻድር ለባልዲና ለማሰሮ ክዳን ደህና ናቸው፤ መረቡ ውስጥ ሲገቡ ግን ታጥበው አይወጡም፣ መዳቡን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ለገመድ የሚሆነው ከጥድ ሙጫ የተዘጋጀው ነው።

እርሳሱን በተመለከተ፣ ስሙ ያሳስተናል እንጂ ጥሩው «እርሳስ» ከግማሽ በላይ ቆርቆሮ ነው (የቤት ክዳኑን አላልኩም፤ ያ ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው)። 63 እጅ ቆርቆሮ፣ 37 እጅ እርሳስ የሆነው በ183 ዲግሪ ባንዴ ቀልጦ ባንዴ ይረጋል። 60/40 የሚባለው ደግሞ እስከ 190 ገደማ እንደ ገንፎ ሆኖ ያልፋል፤ እሱም መልካም ነው። 40/60 ሲሆን፣ ማለትም እርሳሱ ሲበዛ፣ ሙሉ በሙሉ የሚፈሰው 238 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ፕላስቲካችንን ይጎዳል። እርሳስ የሌለበት አዲሱ ዓይነት እንደ ቅልቅሉ ከ217 እስከ 227 ይፈልጋል፤ ለጤና ይሻላል፣ ግን የበለጠ ወፍራም ጫፍ ይጠይቃል። በመሐሉ ሙጫ ያለበት፣ ውፍረቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ምረጡ። እርሳስ ባለበት የሠራ ሰው እንጀራ ከመቁረሱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም።

ማያያዣውንም እንመርምር። ብር የተቀባው ወዲያው ይይዛል። ኒኬል የተቀባው አብረቅራቂው ግን እርሳስ አይቀበልም፤ በአራቱ ቀዳዳዎች ዙሪያ ነሐሱ እስኪታይ በሞረድ ይፋቅ። ገመዱን ደግሞ በቢላ ጫር አድርጉት። መረቡ መዳብ ከሆነ ቀድማችሁ እርሳስ አቅምሱት። አሉሚኒየም ከሆነ አትድከሙ፤ በተለመደው መንገድ አይበየድም። በ1997 ዓ.ም. በፕላዝማ ቴሌቪዥን ማስተማር ሲጀመር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ከሳተላይት ሳህን ጋር የተዋወቁበት አርጂ 6 የሚባለው ገመድ አብዛኛውን ጊዜ ፎይልና የአሉሚኒየም መረብ ያለው ነው። የእሱ ኤፍ ማያያዣ በመጭመቂያ ወይም በመጠምዘዝ የሚገባው ለዚህ ነው። ሶልደር ይዞ የሚቀርበው ሰው ገመዱን ያበላሻል እንጂ አያድነውም።

የሚጠመዘዘውን ቀለበት ከመበየዳችሁ በፊት ገመዱ ላይ አጥልቁት! ሁላችንም አንድ ቀን ረስተን ሁሉንም እንደገና ፈትተናል። ከበየዳችሁ በኋላ ደግሞ በራሱ እስኪቀዘቅዝ ገመዱን አታንቀሳቅሱ፣ ውሃ ውስጥም አትንከሩ። ሲቀዘቅዝ በቴስተር ከፒኑ ወደ አካሉ ለኩ፤ ማለፍ የለበትም። ከዚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፒኑን ከፒኑ፣ አካሉን ከአካሉ ጋር ለኩ፤ ማለፍ አለበት። ሌላኛው የገመዱ ጫፍ ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ ነው የሚለካው።

ያን ጊዜ ያበላሸሁት ማያያዣ በመጋዝ ለሁለት ተሰንጥቆ ከዚህ ጋዜጣ ጎን በምስማር ተሰቅሏል። ሽቦው ከመረቡ ጋር የተነካካበት ቦታ በቀይ ቀለም ተከቧል።